ኤሊ ጥንዚዛና ቅጠል ሰርሳሪ በአንድ ክፍል

ከባሌ ጋር ስንፋታ ቤቱን ብቻ ሳይሆን የምንሠራበትን ሙዚየምም ተካፍለን ነበር። እሱ ኤሊ ጥንዚዛዎቹን ይዞ ፎቅ ወጣ፤ እኔ ቅጠል ሰርሳሪ ጥንዚዛዎቼን ይዤ ምድር ቤት ቀረሁ። ዘንድሮ ግን ያ ነፍሳት የሚመድብ ሥራ ፈት ኮሚቴ ሁለቱም የጥንዚዛ ዓይነቶች አንድ ወገን ናቸው ብሎ ወሰነ። ስለዚህ ያ የድሮ ባሌ የጥንዚዛ መሳቢያዎቹን እየጎተተ ክፍሌ ገባ።

"በምናቸው ነው የሚዛመዱት?" አልኩት። "ያንተ እጭ የገዛ ኩሱን ጀርባው ላይ ቆልሎ ይዞራል፤ የቀረበውን ሁሉ በሱ ይመታል። ልክ እንዳንተና እንደ ድሮ ቂምህ!"

"ያንቺውስ? ቅጠል ውስጥ ተሸሽጎ፣ ከውጭ ደህና የሚመስለውን ቤት ከውስጥ ቦርቡሮ ይጨርሳል።"

ወንበር ሳብኩለት፤ እኔ ግን ከጀርባው ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ።