ብቻውን ያጠባት ሰው

ሬሳው ወለሉ ላይ እንደተዘረረ ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ሳቀ፤ ቀጥሎ ሬሳው ራሱ ሳቀ። ይትባረክ የተባለው ወጣት ተዋናይ ደረቱ ላይ የተደፋበትን የቲማቲም ድልህ በሶፍት እየጠረገ ተነሣና እጅ ነሣ። ሃያ ሁለት ካለው ካፌ ፎቅ ላይ የታጨቁት የወንጀል ልብወለድ አንባቢዎች ቤቱን በጭብጨባ አቀለጡት።

«ይቺ መክፈቻ ናት» አለ የካፌው ባለቤትና የንባብ ክበቡ መሪ አብነት። «ሁለተኛ ድራማ አለን። መቼ እንደሚጀምር ግን አልነግራችሁም። እስከዚያ ከጎናችሁ የተቀመጠውን ሰው እየተጠራጠራችሁ ቆዩ!»

ከዚያ የዕለቱን እንግዳ ወደ መድረክ ጠራ። ኢስሐቅ፣ ኢንስፔክተር ገብረሰንበት የሚባል መርማሪ ፈጥሮ አምስት መጻሕፍት የጻፈበት ደራሲ ነው። ቀድሞ ለፖሊስ የአስከሬን ፎቶ ያነሣ ነበር። ያ ሥራ አንድ ልማድ ትቶበታል፤ ሰው ሲያገኝ ከፊቱ አስቀድሞ እጁን ያያል።

ፊት ለፊቱ የእህቱ ባል ጣሃ ተቀምጧል፤ ነጭ ሸሚዙ እንደተተኮሰ ነው። ከጎኑ የአሥራ አራት ዓመት ልጁ ሸይማ አለች። የኢስሐቅ እህት ሀጀር ከሞተች ወዲህ አባትና ልጅ ሲኤምሲ ባለው ቤታቸው ብቻቸውን ይኖራሉ። ጣሃ ሴራሚክ አስመጪ ነው፤ ሥራ የሚበዛበት ሰው ቢሆንም ከደራሲው ዝግጅት ቀርቶ አያውቅም።

ኢስሐቅ ከአምስተኛው መጽሐፍ አነበበ።

«የመዶሻው የመጀመሪያ ምት አፍንጫውን ደፈጠጠው። ሁለተኛው መንጋጋውን አወለቀው፤ ሰውየው እዚያው ሞተ። ሦስተኛው ምት አያስፈልግም ነበር። ኢንስፔክተር ገብረሰንበትን ያሳሰበው ሦስተኛው ነው።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ጣሃም መዳፎቹን አነሣ። እጆቹ ገና ሳይገናኙ የሸይማ ትከሻ ሽቅብ ወጥቶ ከጆሮዋ ጋር ገጠመ፤ ዓይኗ ተጨፈነ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ። ኢስሐቅ አየው፤ አልፎትም ወደ ጥያቄዎቹ ሄደ።

«ገብሬ መቼ ነው የሚያገባው?» አለች አንዷ።

«ያጫት ሴት ሁሉ በሁለተኛው ምዕራፍ ትሞትበታለች። ማን ደፍራ?»

ሳቁ ሳይበርድ አንዲት ደንዳና ሴት ብድግ አለች። «አዝመራ እባላለሁ፤ አውሮፕላን ማረፊያው ካርጎ ነው የምሠራው። መጻሕፍቱን ደጋግሜ አንብቤያቸዋለሁ። ጋሽ ኢስሐቅ፣ በእርስዎ ሳይሆን በገብሬ ተቀይሜያለሁ።»

«ምን አደረገሽ ደግሞ?»

«በመጀመሪያው መጽሐፍ ረዳቱን ‘ከሬሳ ጋር ብቻውን የቆየውን ሰው አስቀድመህ ጠይቀው፤ የሚያለቅስ ከሆነ ደግመህ ጠይቀው’ ይለዋል። በአራተኛው መጽሐፍ ባልየው በሩን ቆልፎ ሚስቱን ብቻውን ያጥባታል። ገብሬ ሆዬ ደጅ ቆሞ ያለቅሳል! እኔም አልቅሻለሁ፣ አልዋሽም። ሁለተኛ ሳነበው ግን በገንኩ። ለምን አልጠየቀውም?»

ኢስሐቅ የያዘውን መጽሐፍ ዘጋው።

ያንን ትዕይንት እሱ አልፈጠረውም። ሀጀር ልብስ ልታሰጣ ወጥታ ከሰገነት ወድቃ ሞተች በተባለበት ቀን እሱ ጅማ ነበር። ቤተሰቡ ከደሴ የመጣ ሙስሊም ነው፤ ጀናዛ አያሳድርም። ሲደርስ ተቀብራለች። ለቅሶ ቤት የነበሩት ሴቶች ግን አንድ ነገር እየተቀባበሉ ነገሩት። ሊያጥቧት የመጡትን ጣሃ ከበር መልሷቸዋል። «ሀጀርን ከእኔ በቀር ማንም አይነካትም» ብሎ፣ በሩን ቆልፎ፣ እየተንሰቀሰቀ አጥቦ ከፍኗታል። ባል ሚስቱን ማጠብ ስለሚፈቀድለት ማንም አልተከራከረውም። «እንዲህ ያለ ፍቅር አላየንም» አሉ። ኢስሐቅም አብሯቸው አለቀሰ፤ በኋላም ጻፈው። እስከ ዛሬ ከጻፈው ሁሉ ሰው አብልጦ የሚወድለት ያንን ገጽ ነው።

አሁን ነገሩን በካሜራ እንደሚያይ ሰው አየው። ጀናዛ ብቻውን የሚያጥብ ሰው የለም። አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ያገላብጣል፣ አንዱ ውሃ ያፈሳል፤ የሞተ ገላ ይከብዳል። ጣሃ ያን ሁሉ ሸክም ለብቻው የወሰደው ሌላ ዓይን እንዳይገባ ነው። ሴቶቹ ቢገቡ አንገቷን ያዩ ነበር። ክንዷን ያዩ ነበር።

የሸይማ ትከሻ ትዝ አለው።

አብነት መልሱ ስለዘገየበት ጣልቃ ገባ። «እሺ፣ እሱን እናቆየውና፣ አሁን የሚጻፈው ስድስተኛው መጽሐፍ ስለ ምንድን ነው?»

ኢስሐቅ የጀመረው መጽሐፍ ስለ ቡና ኮንትሮባንድ ነበር። «ስለ እሱው ነው» አለ። «ገብረሰንበት ተሳስቷል። ወደዚያ ቤት ይመለሳል፤ ባልየውንም ይጠይቀዋል።»

«ደራሲው!» አለ ጣሃ ከተቀመጠበት፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ። «ምን ይዞ ነው የሚጠይቀው? የታጠበ ጀናዛ እኮ አፍ የለውም።»

ሰው ሳቀ። ኢስሐቅ ግን ንዴቱ ቀደመው። «ጀናዛው ባይናገር፣ ያን ቀን ቤት ውስጥ የነበረ ሰው ይናገራል።»

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ስህተቱ ገባው። ጣሃ አንገቱን ወደ ልጁ አዞረ። የእጇን አንጓ ጨብጦ ተነሣ። እቤት ከደረሱ ምን እንደሚሆን ኢስሐቅ ለመገመት መጽሐፍ አላስፈለገውም። ከመድረኩ ዘሎ ወርዶ መተላለፊያውን ዘጋ።

«ሸይማ ዛሬ ከእኔ ጋር ትሄዳለች።»

«ወንድምዓለም፣ ሰው እያየን ነው» አለ ጣሃ ፈገግ ብሎ። «ዞር በል።»

«እጇን ልቀቅ።»

ጣሃ ለቀቃት። በለቀቀው እጁ ከጠረጴዛው ላይ ያልተከፈተ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ አነሣና የኢስሐቅን ግንባር መታው። ጠርሙሱ አልተሰበረም። ሲደግመው ተሰበረ። ቅንድቡ ተሰንጥቆ ደሙ ዓይኑን ሞላው፤ ማይክራፎኑ ከእጁ ወድቆ ጮኸ።

አዳራሹ በፉጨት ተናጋ።

«ሁለተኛው ድራማ!» ብሎ ጮኸ አንዱ። ስልኮች ወደ ላይ ወጡ። አብነት ይህንን አላዘጋጀም፤ ይትባረክ ያመጣው መሰለውና ሳቅ ብሎ አየው። ይትባረክ ደግሞ አብነት ያዘጋጀው መስሎት አውራ ጣቱን አሳየው።

«እርዱኝ!» አለ ኢስሐቅ።

«አቤት ትወና!» አለች አንዲት ልጅ ስልኳን እያስጠጋች። «ደራሲው ራሱ ይችላል እንዴ!»

ጣሃ ጎኑን በእርግጫ አለው። የጎን አጥንት ሲሰበር የሚያሰማውን ድምፅ ኢስሐቅ ስንት ጊዜ ጽፎታል፤ እንደጻፈው አልነበረም። ከውጭ የሚሰማ ነገር የለውም፤ ውስጥ ነው የሚጮኸው። በጀርባው ወደቀ። ጣሃ ደረቱ ላይ በጉልበቱ ተቀመጠበትና ሁለት እጁን አንገቱ ላይ አጠላለፈ። አውራ ጣቶቹ ቦታቸውን አላጡም። የለመደ እጅ ነው።

«እሷም እንዲህ አፍጥጣብኛለች» አለው፣ ጭብጨባው ውስጥ ለእሱ ብቻ እንዲሰማ አድርጎ።

የኢስሐቅ እግር ወለሉን መደብደብ ጀመረ። ኋላ የተቀመጡት ለማየት ወንበር ላይ ወጡ። ጣራው ጠቆረ።

ያኔ በድምፅ ማጉያው የልጅ ድምፅ ተሰማ። አልጮኸችም፤ ክፍል ውስጥ ቆሞ እንደሚያነብ ተማሪ ነበር የምትናገረው።

«ድራማ አይደለም። አባቴ ነው። እማዬንም እንዲህ አድርጎ ነው የገደላት። ወጥ ቤት ሆኜ አይቻለሁ።»

ፉጨቱ በአንዴ ተቆረጠ። ስልክ የያዙ እጆች እንደተዘረጉ ቀሩ። ሁሉም ሌላው እንዲነሣ ጠበቀ።

ጣሃ እጁን አላላም። ፊቱን ብቻ ወደ ሸይማ መልሶ፣ «አንቺ...» ሲል አዝመራ ደረሰች። የብረት ወንበር አንሥታ በጀርባው ላይ አወረደችው። ተንገዳገደ እንጂ አልወደቀም። ተነሥቶ ሲዞርባት በክንዱ ላይ ደገመችው፤ አጥንቱ ሲሰበር ይህኛው ለሁሉም ተሰማ። ጣሃ ተንበረከከ። ወንበሩን ለሦስተኛ ጊዜ ከፍ አድርጋ የተንበረከከውን አየችው። ከዚያ አውርዳ ወለሉ ላይ አስቀመጠችውና ተቀመጠችበት።

«ያዙት እንጂ!» አለች። «አሁንም ትቀርጻላችሁ?»

አብነትና ይትባረክ ተረባርበው ያዙት።

ፖሊስ ጣሃን በካቴና ከወሰደው በኋላ ኢስሐቅ ሰፈር ውስጥ ባለ ክሊኒክ አልጋ ላይ ተጋድሞ ቅንድቡን አሰፋ። አንገቱ አብጦ የሚያወጣው ድምፅ ሻካራ ነው። ሸይማ ለአንዲት ሴት ፖሊስ የምታውቀውን ሁሉ ተናግራ ስትጨርስ መጥታ ከአጠገቡ ቆመች።

«አያምኑኝም ብዬ ነበር የፈራሁት» አለችው። «መጽሐፉ ላይ አንተም ጥሩ ሰው ነው ብለህ ጽፈሃል።»

ኢስሐቅ በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ።

ሸይማ የግራ እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰበሰበች። አንዳንዱ ሰንበር ቢጫ ሆኗል፤ አንዳንዱ ገና ወይን ጠጅ ነው። ከክርኗ በላይ አራት ጣት ከነአውራ ጣቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፖሊሷ ፎቶ የሚያነሣ ባለሙያ እስኪመጣ እንዲጠብቁ ልትነግራቸው ስትል፣ ኢስሐቅ ስልኩን እንድታቀብለው ለሸይማ በእጁ ምልክት ሰጣት።

እንደ ድሮው ጀመረ። መጀመሪያ ራቅ ብሎ፣ ፊቷ እንዲታይ። ቀጥሎ ክንዷን ብቻ። ከዚያ ቀረብ ብሎ፣ የቁስሉ መጠን እንዲታወቅ የነርሷን እስክሪብቶ ከጎኑ አስይዞ። በእነዚያ የሥራ ዓመታት እጁ አንድ ቀን ተንቀጥቅጦ አያውቅም ነበር።

ሸይማ ስልኩን ተቀብላ ምስሉን አየችው።

«ብዥ ብሏል፣ አጎቴ» አለችና መለሰችለት። «ድገመው።»