አርባ ቤት እንግዳ

በቀለች ከመኪናው ወርዳ ቦታውን አየችው። ከከተማው ሰፈራቸው ከሮዘተንቪል ተነስተው፣ ኦሬንጅ ፋርምን አልፈው፣ ዝናብ የማያውቀውን የዚህን የሰው አገር የነሐሴ አቧራ ጠጥተው የመጡት ለዚህ ነው? አሮጌ የከብት በረት! ውስጡ አንድ ወንበር የለም። በገመድ የታሰረ ድርቆሽ ነው ግራና ቀኝ የተደረደረው።

«እንግዳው ድርቆሽ ላይ ሊቀመጥ ነው?»

«ድርቆሹ ጨርቅ ይለብሳል እማዬ። የገጠር ሠርግ ማለት እንዲህ ነው» አለች ልጇ ፍሬገነት።

«የገጠር ሠርግማ እኔ ተድሬበታለሁ። ዳስ ተጥሎ፣ አግዳሚው ከየጎረቤቱ ተለቅሞ። ድርቆሹን ከብቶቹ ነበሩ የሚበሉት።»

ሙሽራው እዮኤል ማስኩን ወደ ላይ ሳብ አድርጎ ሳቁን ደበቀ።

ምርጫ ቢኖር በቀለች እዚያው መኪናው ውስጥ ተመልሳ በገባች ነበር። የትሮይቪሉ አዳራሽ መስኮቱ ስለማይከፈት ለኮሮና ያጋልጣል ተብሎ ቀርቷል። የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ደግሞ ጎረቤት ሰው ተሰበሰበ ብሎ ለፖሊስ ይጠቁማል ብለው ፈሩ። ሠርጉ የፊታችን ቅዳሜ ሳምንት ነው።

ቦታው የድርቆሽም ቢሆን፣ እሷን የሚያሳስባት እንግዳው ነበር። አምና ባሏን ኮሮና ሲወስደው ሰው እንደ ወጉ አልቀበረውም፤ ቁጥሩ ሞልቷል ተብሎ ብዙው ከመቃብሩ በር ተመለሰ። እነዚያው የተመለሱት ሰዎች ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ምግብ እያመጡ ደጇ ላይ አስቀምጠው ሄደዋል። ያን ጊዜ በመስኮት እያየቻቸው ለራሷ ቃል ገባች፤ በፍሬገነት ሠርግ በር አይዘጋባቸውም።

ባለ እርሻዋ፣ ረጅም ነጭ ሴት፣ በእንግሊዝኛ አስረዳች፤ ፍሬገነት ተረጎመች። ሕጉ የሚፈቅደው ሃምሳ ሰው ነው። ቤተሰቡና አስተናጋጁ ሲቀነስ ለእንግዳ አርባ ይቀራል። የአርባው ስምና ስልክ ዛሬ እስከ አሥር ሰዓት ካልገባ ቀኑን ለሌላ ትሰጠዋለች።

የበቀለች ፊት በራ። ከቦርሳዋ ደብተር አወጣች። አምና በሐዘኗ ወራት በቤተ ክርስቲያን ፊደል መማር ጀምራ ነበር፤ ትምህርቱ በወረርሽኙ ሲዘጋ በዋትሳፕ ቀጠለችው። ከተማረች ወዲህ እንዲህ ረጅም ነገር ጽፋ አታውቅም። «አርባ ነው። ቆጥሬ ነው የጻፍኩት!»

ፍሬገነት ማንበብ ጀመረች። «ዱካሞ... ለገሠ... ሱሩር... ቆይ፣ የዱካሞ ሚስትስ?»

«ዱካሞ ብያለሁ እኮ።»

«እሷ የታለች?»

«ከባሏ ጋር ናታ! አምስቱ ልጆችም አሉ።»

«እማዬ!» ፍሬገነት ደብተሩን ድርቆሹ ላይ ጣለችው። «ይሄ አርባ ሰው አይደለም፣ አርባ ቤት ነው! ሁለት መቶ ሰው ነው የጠራሽው!»

«ሠርግ የሚጠራው በአባወራው ነዋ። ማን ነው ሕፃን የሚቆጥረው?»

«ፖሊስ!»

ባለ እርሻዋ ሰዓቷን አየች። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል።

«ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው ይምጣ» አለ እዮኤል ቀስ ብሎ። «አንድም ቤት አይቀርም። ስሞቹም አይነኩም።»

በቀለች ደሟ ፈላ። ሰውን ሚስትህን ትተህ ና ይባላል? ግን ሌላ መላ የለም። ድርቆሹ ላይ ተቀመጠች፤ ይዋጋል። ለመጀመሪያው ስም ደወለች።

«እህት በቀለች!» አለ ዱካሞ ከሱቁ፤ ከኋላው ደንበኛ በአገሬው ቋንቋ በዙሉ ዳቦ ይጠይቃል። «ኮቴን እኮ ላውንደሪ ሰጠሁት!»

ብቻህን ና ልትለው ስትል የሐዘኗ ሰሞን ትዝ አላት። ያን ሰሞን ዱካሞ ከሱቁ ንቅንቅ አላለም። ከኦሬንጅ ፋርም ሁለት ታክሲ ቀያይራ፣ ትኩስ ድስት በጋቢ ጠቅልላ ጭኗ ላይ ይዛ የመጣችው ሚስቱ አሰገደች ናት። በቀለች ደብተሩን አየችው። ከላይ እስከ ታች የወንድ ስም ነው። ደጇ ላይ ሳህን ካስቀመጡት ሴቶች የአንዷም ስም የለበትም።

«ወንድም ዱካሞ፣ አሰገደችን አቅርብልኝ።»

«ምነው? ለእኔ አትነግሪኝም?»

«ከየቤቱ አንድ ሰው ነው የተፈቀደው። ከእናንተ ቤት እሷ ናት።»

«እኔስ?»

«አንተ ሱቅ ጠብቅ። ልጆቹንም።»

«ኮቱስ?»

«ለሌላ ሠርግ ይሆንሃል።»

«ተይ እንጂ እህቴ! ሽማግሌ ሆኜ ልጅቷን ያሰጠሁት እኔ አይደለሁም?»

«ነህ። እግዚአብሔር ይስጥህ። አሁን አሰገደችን አቅርብልኝ።»

ዱካሞ ዙሉውንም አማርኛውንም ትቶ በአፍ መፍቻ ቋንቋው አጉረመረመና ሚስቱን ጠራ።

በቀለች «ዱካሞ» የሚለውን ሰርዛ ከጎኑ የአሰገደችን «አ» ጻፈች። ሠላሳ ዘጠኝ ቤት ይቀራል፤ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ባል ይኮርፋል!

«እማዬ ስጪኝ፣ እኔ ልጻፈው። ሰዓቱ ሄደ» አለች ፍሬገነት።

«አይሆንም» አለች በቀለች ቀና ሳትል። «የባሎቹን ስም ስጽፍ ማንም አላገዘኝም።»