እናቷም ስቃለች

ከወላጆች ጋር በፌስቡክ ጓደኛ አልሆንም። በመምህራን ማረፊያ ክፍል «ኩራተኛ» ይሉኛል፤ ይበሉ። አንደኛ ክፍልን የምታስተምረው ባልደረባዬ ግን፣ «ወይዘሪት ላይክ» ያልናት፣ ለእናቶቹ ሁሉ ጓደኛ ናት። የተማሪዎቿን ስም ብታምታታም የእናቶቻቸው የልደት ቀን አያመልጣትም።

እሷ ክፍል ውስጥ አንዲት የምትንተባተብ ልጅ አለች። ከትምህርት በኋላ ማንበብ የማለማምዳት እኔ ነኝ። ከንፈሯን ስትነክስ ከርማ፣ በቀደም አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጮክ ብላ አነበበችልኝ። እኔም እንደ ሞኝ ብቻዬን እየሳቅሁ ቤቴ ገባሁ።

ወይዘሪት ላይክ ይህን ስትሰማ ልጅቷን ሰሌዳው ፊት አቁማ አስነበበቻት፤ ስልኳንም ደገነችባት። ልጅቷ «ወንድሜ» የሚለው ቃል ላይ ተጣብቃ ስትታገል፣ ዓይኗ እንባ ሲያቀርር፣ ቀረጻው አላቆመም። ሙዚቃ ጨምራበት የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀችው። እኔ ያየሁት ምሳ ሰዓት ላይ፣ በሌላ መምህር ስልክ ነው። ከሥሩ እያለቀሱ የሚስቁት ቢጫ ፊቶች ተደርድረዋል። የልጅቷ እናትም ስቃለች። ምሳዬን ትቼ ወደ ወይዘሪት ላይክ ሄድኩ።

አጥፊው አልኳት። ጥፍሯን እያየች፣ ወላጆች እንዲህ ያለውን እንደሚወዱላት ነገረችኝ።

«ደግሞ እናቷ ራሷ ስቃ የለ? ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው።»

ርዕሰ መምህሩም ወላጅ ሳይከስ ምን አስጨነቀሽ ብሎ መለሰኝ። ልጅቷ ያን ቀን መጽሐፉን ገልጬ ብለምናት ባባብላት አፏን አልከፈተችልኝም።

ስለዚህ እናትየውን የጠበቅኋት ልወርድባት ነው። በገዛ ልጇ የምትስቅ እናት ከባልደረባዬም በላይ ቀፍፋኛለች። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ይዣት፣ እንዴት አስቻለዎት አልኳት። ልጇን ወደ ጉያዋ አስጠግታ ግራ ቀኙን ቃኘች።

«ቲቸር፣ ሁሉም ሲስቅ እኔ ባኮርፍ፣ ነገ የክፍሉ በር ሲዘጋ ልጄን ማን ያይልኛል? ያለችው እኮ በመምህሯ እጅ ነው።»

እንባዋ ወረደ። ወዲያው ስልኳ ጮኸ፤ ወይዘሪት ላይክ በአዲስ መነጽር የተነሳችውን ፎቶ ለጥፋለች። እናትየው እንባዋን ሳትጠርግ ልብ ላከችላት።

ልጅቷ ስልኩን ስታይ የእናቷን ቀሚስ ጎተተች።

«እማዬ፣ እ... እ... እኔ ነኝ?»