ሸራፋው ኩባያ

ዝናቡ ሳምንት ሙሉ አላባራ፣ ጉሙም እስከ ቀትር ከመስኮቱ አልነሳ ሲል ሌላው ሰው ብርድ ልብስ ያወጣል። የአስታማሚዋ አማት ግን ሳህን ያወጣሉ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ በከበደበት እሑድ፣ የሳሎኑን ግማሽ የያዘው ባለ መስታወት ቢፌ ይከፈትና ዕድሜ ልካቸውን የሰበሰቡት የሸክላ ዕቃ አንድ በአንድ እየወረደ ጠረጴዛው ላይ ይሰደራል። ከዚያ ሁሉ መሀል ሁለት አንድ ዓይነት ሳህን አይገኝም። «መንታ መንታውንማ ማንም ገዝቶ ይደረድራል» ይላሉ። «ጥበቡ የማይተዋወቁትን ማዋደድ ነው።»

ልጃቸው፣ ማለትም የአስታማሚዋ ባል፣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ሳሎኑን «ሙዚየሙ» ይለዋል። የዚያን ዕለት ጠዋትም ካልሲውን እያጠለቀ፣ «ሙዚየሙ ዛሬ ክፍት ነው፤ እጅሽን ኪስሽ ውስጥ ክተቺ» አላት።

አልሳቀችም። ሐሳቧ ሰዓት ሠሪው ዘንድ ነበር።

ሥራዋ ከቤት ቤት እየዞረች አልጋ የያዙ ሽማግሎችንና አሮጊቶችን ማጠብ፣ ማጉረስና ማገላበጥ ነው። ከያዘቻቸው ሁሉ ሰዓት ሠሪውን ትወዳቸዋለች። ዓይናቸው ከጠፋ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ጣታቸው ግን እስከ ዛሬ ያያል። አንድ ቀን የቤቷን ቁልፍ ዳበስ ዳበስ አድርገው፣ «ይቺ ሦስተኛዋ ጥርስ ተበልታለች፤ ደጅ ታሳድርሻለች» ብለዋት በሳምንቱ ደጅ ቀርታለች። የሚጠጡት በአንድ ኩባያ ብቻ ነበር፤ የሟች ሚስታቸው በነበረ፣ ውጪው አረንጓዴ ውስጡ ነጭ በሆነ የሸክላ ኩባያ። አፉ ተሸርፏል። አውራ ጣታቸውን ሽራፊው ላይ ያሳርፉና ከንፈራቸውን በተቃራኒው በኩል ያደርጋሉ። እንዲያ ሲሆን አያፈሱም፣ ትኩስ አያቃጥላቸውም፣ የሰው እጅም አይጠብቁም።

ያ ኩባያ ከጠፋ አራት ቀኑ ነው። በቦታው እንደ ሕፃን ጡጦ ያለ ክዳን የተገጠመለት የፕላስቲክ ኩባያ ተቀምጦ አገኘች። የጤና ጣቢያ ሰዎች ያመጡት መሰላት። ሽማግሌው ግን ፕላስቲኩን ስታስነካቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። በብርጭቆም በማንኪያም ሞከረች፤ ጥርሳቸውን ገጠሙ። «ኩባያዬን» ከማለት በቀር ሌላ ቃል የላቸውም። አልጋ ሥር ሳይቀር ገብታ ፈለገችው፤ የለም። ከንፈራቸውን በእርጥብ ጨርቅ ከማራስ በቀር በጉሮሯቸው የወረደ ነገር አልነበረም። ነርሷ ዓርብ ዕለት አይታቸው፣ «በዚህ ዕድሜ መጠጣት ሲተዉ ወደ ማብቂያው ነው። ከዚህ በኋላ ቢቆዩ ሁለት ሦስት ቀን ነው፤ አታስጨንቂያቸው» ብላ ሄደች።

«ምን ያስተክዝሻል? ይልቅ በዚያ በኩል ሳብ አድርጊው» አሉ አማቷ፣ የጠረጴዛውን ልብስ በአንድ ወገን ይዘው።

ጠረጴዛው እውነትም ያምር ነበር። ወፍራም ቡናማ የሱፍ ጨርቅ ለብሷል፤ መሀሉ ላይ የደረቀ ቅጠልና የብርቱካን ልጣጭ ተበትኖበታል። ከጉሙ የተነሳ ሻማው በቀትር በርቷል፤ ከጓዳ ቀረፋ የገባበት ወተት ይሸታል። ዝናብ የደበደበው ሰው ቢገባበት «እፎይ» ሳይል አይቀመጥም። አስታማሚዋም ከዓመቱ ቀናት ሁሉ ይህን ቀን ትወድ ነበር፤ ከአማቷ ጋር ጎን ለጎን ቆማ አንድ ሥራ የምትሠራበት ቀን እሱ ብቻ ነውና።

ባገባች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት አማቷ ለሰላምታ የሚሰጧት ቃል «እጅሽን ታጥበሻል?» የሚል ነበር። የሰው ገላ የሚያጥብ እጅ ሳህናቸውን እንዲነካ አይፈልጉም። አንድ ማታ ግን እራት ላይ ዝምታው ሲከብዳት፣ ስለምታስታምማት አሮጊት ልብስ ሰፊ አወራች፤ ሴትዮዋ ሰማያዊ ወፍ የተሣለበት ሳህን አላት፣ መርፌዎቿን የምታስቀምጠው እሱ ላይ ነው አለች። አማቷ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ምን ዓይነት ወፍ?» አሉ። ከዚያ ማታ ጀምሮ ምራት ሰው ሆነች። ስለ በሽተኞቿ ቤት ስታወራ አማቷ ሥጋውን ወደ እሷ ገፋ ያደርጋሉ፣ «እሺ ከዚያስ?» ይሏታል። እሷም እንደ ቡችላ ጭራዋን እየቆላች አወራች። ማን ምን እንዳለው፣ ማን ከዘመድ እንደተቆራረጠ፣ ማን ክረምቱን እንደማይዘልቅ።

አማቷ ደግሞ ሾርባ ይሠሩና በሽተኞቹን ለመጠየቅ ይሄዳሉ። ሲመለሱ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በብብታቸው ይኖራል። «ለማስታወሻ ሰጡኝ» ይላሉ። የሚሞት ሰው ዕቃውን ያድላል፤ አስታማሚዋ ይህን ብዙ ቤት አይታለች። ስለዚህ አልጠረጠረችም።

«በይ በይ፣ የመጨረሻውን አምጪው» አሉ አማቷ። «ከታች፣ ከጨርቁ ውስጥ ነው። ዕቃ ጠጋኙ ትናንት ነው ያደረሰልኝ። ቦታው ለምሳ የሚመጡት ዳኛ ፊት ነው።»

ጨርቁን ፈታችው። አረንጓዴ ኩባያ ወጣ። አፉ ሙሉ ነው፤ ሽራፊ የለውም። ስለዚህ መጀመሪያ፣ «አይ፣ የሚመስለው ነው» አለች በልቧ። ለመወልወል ስትገለብጠው ቂጡ ላይ በመርፌ ጫፍ የተጫረ ነገር አየች፤ ሁለት ሰረዝና አንድ ነጥብ። ሰዓት ሠሪው ጠግነው የጨረሱትን ሰዓት ሁሉ ከክዳኑ ውስጥ የሚጭሩት ምልክት ነው። «ማን እንደነካው ለሚቀጥለው ሠሪ ማስታወቅ ነው» ብለው ነግረዋታል።

ከኩባያው የቀለም ሽታ መጣባት።

«እማማ፣ ይሄ የሰዓት ሠሪው ኩባያ ነው።»

«ነበር» አሉ አማቷ፣ ሹካ እያስተካከሉ።

«ማን ሰጠዎት?»

«ራሳቸው ናቸዋ። ሾርባ ወሰድኩላቸው፤ በኩባያቸው ጠጡ፣ መረቁኝ። ‹ይሄን ልውሰደው?› አልኳቸው። ‹ውሰጂው ልጄ› አሉኝ።»

«ሾርባውን ያመጡበትን ዕቃ መስሏቸው ነው።»

«እኔ የሰው ልብ ውስጥ ገብቼ አላይ። ደግሞ ባዶ እጄን አልወጣሁም፤ የማይሰበር፣ የማይፈስ ኩባያ ገዝቼ አስቀምጬላቸዋለሁ። ቀለሙን ለማያዩት ሸክላ ምን ያደርጋል?» አሉና ድምፃቸውን ለስለስ አደረጉት። «እኔ በሰው ቤት ጓዳ ውስጥ፣ ዝገት በበላው ጣሳ እየጠጣሁ ነው ያደግሁት። ቆንጆ ዕቃ ሜዳ ላይ ሲወድቅ ማየት አልችልም። እሳቸው ሲያልፉ ማን ያነሳዋል? ቆሻሻ የሚጠርግ ሰው ነው የሚጥለው።»

«አራት ቀን ሙሉ ውሃ አልጠጡም። በሌላ አይጠጡም።»

«ክረምቱን አይዘልቁም ያልሽኝ አንቺው አይደለሽ?»

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ብላለች፤ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ፣ ሥጋ እያኘከች። አስታማሚዋ ጠረጴዛውን ዞራ አየችው። ያ ሰማያዊ ወፍ የልብስ ሰፊዋ ነው፤ ሳህኑ ወደዚህ ከመጣ በኋላ ሴትዮዋ መርፌዎቿን ብርድ ልብሱ ውስጥ እየጣለች ስትወጋ እንደነበር አሁን ትዝ አላት። ወርቃማ ጠርዝ ያለው ሳህን የታይፒስቷ ነው። ጽጌረዳው የጡረተኛው ፖስተኛ ነው። ሦስቱም ያን ጊዜ በሕይወት ነበሩ። ጥንብ አንሳ እንኳ እስኪሞት ይጠብቃል። ለጥንብ አንሳው መንገድ ያሳየችው ደግሞ እሷ ናት፤ ያውም ለአንድ «እሺ ከዚያስ?»። ምራቋ መረራት። እጇን ታጠበች፤ መልሳም ታጠበች።

ባሏ ጓዳ ድረስ ተከትሏት ገባ። ሁሉንም ሰምቷል። «ዛሬን ተይው በናትሽ» አላት ቀስ ብሎ። «እንግዶቹ ደጅ ናቸው። ምሳው እንዳለቀ እኔ ራሴ አደርሰዋለሁ።» ደወሉ ጮኸ። አንድ ሰዓት ምንም አይደለም አለችና ተቀመጠች። በኋላ ራሷን አብዝታ የተጠየፈችው በዚህ ነው።

እንግዶቹ ጡረታ የወጡ ዳኛና ሚስታቸው ናቸው። ዳኛው ጥሩ ሰው፣ ትልቅ ጢም ያላቸው ናቸው። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ኩባያውን አነሱ። ትኩሱ ወተት ሲቀዳላቸው እጃቸውን ለማሞቅ አቀፉት፤ ፉት ሲሉ ጢማቸው ላይ ነጭ የወተት ቆዳ ተንጠለጠለ። አስታማሚዋ የምታየው ሌላ አልነበረም። ከንፈራቸው ያረፈው፣ የሽማግሌው አውራ ጣት ያርፍበት በነበረው ቦታ ላይ ነው።

«ሁሉም ታሪክ አላቸው አይደል?» አለች የዳኛው ሚስት፣ ሳህኑን እየዳሰሰች።

«ያለ ታሪክ ቤቴ አይገቡም» አሉ አማቷ። ደስ ሲላቸው ድምፃቸው ይቀጥናል። «ይሄ ለምሳሌ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና የአንድ ዓይነ ስውር ሰዓት ሠሪ ነበር። ሚስታቸው ያረፈች ዕለት የጠጣችበት ነው። ከዚያ ወዲህ በሌላ ዕቃ ጠጥተው አያውቁም።» ቃል በቃል የአስታማሚዋ ወሬ ነው፤ ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ ሳይቀር።

«አልሞቱም» አለች።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

«በሕይወት አሉ። ከዚህ ሁለት መንገድ አልፎ፣ ዳቦ ቤቱ ፎቅ ላይ ተኝተዋል። ይቅርታ ጋሼ፣ የኩባያው ባለቤት ጠምቷቸዋል።» ተነስታ ኩባያውን ከዳኛው እጅ ወሰደች፤ የተረፈውን ወተት ጠረጴዛው ላይ ከነበረው ሾርባ ውስጥ ደፋችው።

ዳኛው ጢማቸውን በናፕኪን ጠረጉ። ከዚያ ደግመው ጠረጉ። ሚስታቸው ሳህኗን በጣቷ ጫፍ ገፋ አደረገችውና፣ «ታዲያ እነዚህ የበሽተኛ ዕቃዎች ናቸው?» አለች። የቀፈፋት ያ ብቻ ነው።

«ቁጭ በይ» አሉ አማቷ፣ ከንፈራቸው ሳይንቀሳቀስ።

ባሏ ተነሳ። የሚያስቆማት መሰላት። ከበሩ ኋላ ጃንጥላውን አንስቶ ሰጣትና፣ «ደረጃው ያንሸራትታል» አላት።

ሰዓት ሠሪው እንደተወቻቸው ወደ ግድግዳው ዞረው ተኝተዋል። ከንፈራቸው ደርቆ እንደ አሮጌ ቀለም ተሰነጣጥቋል። ኩባያውን በሳሙና ሦስት ጊዜ አጠበችው። ለብ ያለ ሻይ ስኳር አብዝታ ቀዳችና በሁለት እጃቸው አስያዘቻቸው።

«ኩባያዎ ተገኘ አባባ።»

ጣቶቻቸው በአፉ ዙሪያ ዞሩ። መልሰው ዞሩ። ተስፋ የነበረው ፊታቸው ተዘጋ። «የኔ አይደለም።»

«የእርስዎ ነው። ከታች ምልክትዎ አለ፤ ይዳስሱት።»

በጥፍራቸው ጫፍ ፈለጉት፣ አገኙት። ብዙ አሰቡ። «ምልክቱ የኔ ነው» አሉ በሚሰነጠቅ ድምፅ። «ኩባያው ግን የኔ አይደለም። ምልክቴን አስመስሎ የጫረ ሌባ ድሮም ነበር።» መልሰው ሰጧትና ወደ ግድግዳው ዞሩ።

አስታማሚዋ በመስኮቱ ብርሃን አየችው። ዕቃ ጠጋኙ ሽራፊውን በስቱኮ ሞልቶ፣ አሸቶ፣ ቀለም ቀብቶታል። ጎበዝ ነው፤ በዓይን አይለይም። የቤት ቁልፏን አወጣችና ጥርሱን ከሙሌቱ ሥር አስገብታ ፈለቀቀችው። እንደ በሰበሰ ጥርስ ሙሌት በአንድ ጊዜ ተነቅሎ መዳፏ ላይ ወደቀ፤ ውስጡ ግራጫ፣ ያዝ የሚያደርግ፣ የቀለም ቤት የሚሸት። መስኮቱን ከፍታ ወረወረችው። ኩባያውን እንደገና አጥባ፣ እንደገና ቀድታ አስያዘቻቸው።

አውራ ጣታቸው ቦታውን ሲያገኝ ትከሻቸው ወረደ። ሳያርፉ ጠጡ። ለመተንፈስ ብቻ አቆሙ።

«የት ተገኘ?»

ዋሽታ ማለፍ ትችል ነበር። «ቤቴ» አለች። «ያቺ ሾርባ ያመጡልዎት ሴትዮ አማቴ ናቸው። ስለ ኩባያው የነገርኳቸው እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ሽራፊውን አሹ። «ሾርባዋ ጥሩ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ዳግመኛ ግን አታስገቢያት።» ኩባያውን ዘረጉላት። «ድገሚኝ።»

ማክሰኞ እራት ላይ አማቷ ከሁለት ቀን ኩርፊያ በኋላ አፋቸውን ፈቱ። ቢፌው ተቆልፏል፤ ሦስቱም በተራ ሳህን ይበላሉ። ሥጋውን ወደ ምራታቸው ገፋ አደረጉት።

«አዲስ የያዝሻት በሽተኛ፣ ያቺ የመምህር ሚስት... ቤቷ እንዴት ነው?»

አስታማሚዋ ሥጋውን አየችው፤ ወደ መሀል መለሰችው።

«ግድግዳ አለው» አለች። «ጣሪያም አለው።»