የዶክተር ቅጠል ልጅ

ከኩሽና የጁስ መፍጫው ድንገት ሲጮህ፣ ለቅሶ ልትደርስ የመጣችው ጎረቤት እንባዋን እንኳ ሳትጠርግ ቀና አለች።

«ኧረ ጉድ! በሐዘን ቤት?»

ልብስ ሰፊው ከፍራሹ አልተነሣም። ሚስቱን ከቀበረ ገና ጥቂት ቀኑ ነው። ማን ምን እንደሚፈጭም ያውቃል። ሴት ልጁ ናት፤ የእናቷን ተልባ፣ እርድና ብሮኮሊ።

ሟቿ አስተማሪ ነበረች፤ ሰፈሩ ግን «ዶክተር ቅጠል» ነበር የሚላት። ደከመኝ ላለ ዚንክ ያለው የዱባ ፍሬ፣ የወር አበባዬ ተዛባ ላለች ተልባ ታዛለች። «ሆርሞን የሚስተካከለው ከሳህን ነው!» ደግ፣ ምግብ ማንን ገደለ? ጉዱ የመጣው ጡቷ ላይ እብጠት ስታገኝ ነው። ሐኪሙ ካንሰር ነው፣ በቶሎ ይውጣ ቢላት ሳቀች።

«ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ! ትንሽ ጊዜ ስጡኝ፣ ራሴ እወቅጠዋለሁ።»

ባልየው ምን ይበል? ቀሚሷን አጠበበላት። ደግሞ አጠበበ። በመጨረሻ የልጅ ልክ ሆነ። ሐኪም ጋ ስትመለስ ረፍዶ ነበር።

ልጅቷ አረንጓዴ ብርጭቆ ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች። ትናንት ብብቷ ሥር እብጠት ማግኘቷን ሹክ ብላዋለች።

«ሐኪም ጋ እንሂድ፣ ልጄ።»

«አባዬ፣ እማዬ እኮ እርዱን ያለ ቁንዶ በርበሬ ነበር የምትጠጣው። ለዚህ ነው ያልሠራላት። እኔ ጨምሬበታለሁ።»

«ጠጪው፣ ማን ከለከለሽ? ጠጥተሽ እንሂድ።»

«ሐዘንተኛ ከቤት ይወጣል እንዴ? ሰው ምን ይለናል? ሐዘኑ ይለፍና…»

«ይለፍና!» ጮኸ። «እናትሽም ይለፍና ስትለኝ ነው ያለፈችው!»

ጎረቤቲቱ «ተው እንጂ ወንድሜ፣ ልጅቷ ሐዘን ላይ ናት» አለች።

«እኔስ ሠርግ ላይ ነኝ?»

ልጅቷ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ጨበጠች። «ፈራሁ፣ አባዬ። አለብሽ ቢሉኝስ?»

«እኔም ፈርቻለሁ። ግን አንቺንም ቀብሬ እዚህ ፍራሽ ላይ አልቀመጥም።»

ተነሣ። ሰው ሁሉ እያየው፣ በር ላይ ከተደረደረው ጫማ መሀል የሷን ፈልጎ አመጣና እግሯ ሥር ተንበረከከ።

«እግርሽን አምጪ።»

ሰጠችው። ዕድሜ ልኩን ክር የቋጠሩ ጣቶቹ ግን ማሰሪያውን መቋጠር አቃታቸው። አንዴ አመለጠው፤ ደግሞ አመለጠው። ልጅቷ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠችና ጎንበስ ብላ፣ እንዳይፈታበት ቋጠሮውን በጣቷ ያዘችለት።