ተፈትቷል

የግማሽ ዓመቱ ሪፖርት በሚቀርብበት ቀን አባ መፍቻ ቱታቸውን አውልቀው ሙሉ ልብስ ለበሱ። በዩኒቨርሲቲው ሠላሳ አንድ ዓመት ቧንቧ ሲጠግኑ፣ ይህን ቅጽል ስምም በመፍቻቸው ሲያተርፉ፣ ለስብሰባ ብለው ክራቫት አስረው አያውቁም። ዘንድሮ ግን መድረኩ ላይ የምትቆመው ፕሬዚዳንት የገዛ ልጃቸው ናት። አዳራሹ ሁሉ «እሳቸው» ይላታል። ለአባቷ ያው «እሷ» ናት፤ የሹመት ደብዳቤ ይህን አይለውጥም።

ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጓደኛቸው ጋር ኋላ ተቀመጡ። እሷ ወረቀቷን ዘርግታ ጀመረች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ቁጥር ስታነብ አልተደናቀፈችም። ቤተ መጻሕፍቱ አሁን እስከ ምሽት ክፍት መሆኑን ስትናገር ሠራተኞቹን ከመቀመጫቸው አስነስታ አስጨበጨበችላቸው። አባ መፍቻን ኩራት አፈናቸው። ክራቫታቸውን ላላ አደረጉ።

«እኔን ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ ግን ይሄ ነው» አለች። «የሴት ተማሪዎች ማደሪያ አራተኛ ፎቅ የውሃ ችግር ሙሉ በሙሉ ተፈትቷል።»

አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። ያላጨበጨቡት አባ መፍቻ ብቻ ነበሩ። የምን ውሃ? ዛሬ ጠዋት እንኳ ልጃገረዶቹ ጀሪካን ተሸክመው ደረጃውን ሲወጡ በዓይናቸው አይተዋል። ይህ ወሬ ከየት መጣ ብለው ሲያስቡ ትዝ አላቸው። በሥራ ቅጹ ላይ በገዛ እጃቸው «የአራተኛ ፎቅ የውሃ ፓምፕ ተፈትቷል» ብለው ጽፈው ነበር። እውነትም ተፈትቷል! ብሎን በብሎን ተፈታትቶ፣ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ተበልቶ፣ ወርክሾፑ ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል። መፍቻ ጨብጠው የማያውቁት የዕቅድ ክፍል ሰዎች «ተፈትቷል» የሚለውን ሲያዩ ደስ ብሏቸው ፓምፑን ትተው ችግሩን ፈቱት።

ምነው ቤት ውስጥ በነገሯት! ግን የተሾመች ዕለት «ከዚህ በር ወዲህ የመሥሪያ ቤት ወሬ የለም፤ በልጁ በኩል ጉዳይ ያስጨርሳል እንዳልባል» ያሉት ራሳቸው ናቸው።

«ጥያቄ ያለው?» አለ መድረክ መሪው።

ዝም ቢሉ ልጃገረዶቹ ውሃ ሲሸከሙ ይከርማሉ፤ ለተፈታ ችግር ኩሽኔታ የሚገዛ ማን አለ? ቢናገሩ ደግሞ በመጀመሪያ ሪፖርቷ፣ ይህ ሁሉ ሰው እያየ፣ የሚያዋርዳት የወለዳት አባቷ ሊሆን ነው። ልባቸው ገና ሲያመነታ እጃቸው ቀድሞ ተነሳ።

«ተው አንተ ሰውዬ!» አለ ጓደኛቸው ኮታቸውን እየጎተተ። «ዛሬን እንኳ ተዋት!»

ማይክሮፎኑ መጣ። «ክብርት ፕሬዚዳንት» አሉ ከመቀመጫቸው ተነስተው። «አንቺ… ማለቴ፣ እርስዎ ያሉት… የተፈታው ፓምፑ ነው። ችግሩ እንዳለ ነው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አዳራሹ መጀመሪያ ሳቀ፤ ነገሩ ሲገባው ደግሞ ዓይኑን ወደ መድረኩ መለሰ።

እሷ አልሳቀችም። «ለምን አልተገጠመም?»

«ኩሽኔታ ጠፍቶ። የግዢ ጥያቄው ፊርማ እየጠበቀ ነው።»

«የማን ፊርማ?»

አባ መፍቻ መሬት መሬት አዩ። «የእርስዎ።»

«ስንት ቀን ሆነው?»

«አርባ አንድ።»

ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ የዕቅድ ክፍሉን ኃላፊ አየ። ኃላፊው አንገቱን ኮሌታው ውስጥ ሊቀብር ምንም አልቀረው። አንድ ቃል፣ «እንዲህ ብለው ጽፈው የሰጡኝ እነሱ ናቸው» የምትል አንድ ቃል፣ ከዚህ ሁሉ ታወጣት ነበር። አባ መፍቻም ፈሩ፤ ያቺን ቃል እንዳትላት ፈሩ።

እሷ እስክሪብቶዋን አንስታ ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ሰረዘች።

«እርማት አለኝ» አለች። «የአራተኛ ፎቅ የውሃ ችግር አልተፈታም። ሳላጣራ ያነበብኩት እኔ ነኝ። አርባ አንድ ቀን ልጆቹን ውሃ ያሸከምኳቸውም እኔ ነኝ፤ ወረቀቱ ያለው ጠረጴዛዬ ላይ ነው። አምስት ደቂቃ ጠብቁኝ፣ ፈርሜ እመጣለሁ።»

ከመድረኩ ወርዳ በመቀመጫዎቹ መሃል ወደ ኋላው በር ሄደች።

«ልጅህን እኮ አጋለጥካት!» አለ ጓደኛቸው።

የአባ መፍቻ ዓይን እንባ አቅርሯል። «አየሃት?» አሉት። «በማንም አላላከከችም! አየሃት ልጄን? በማንም!»

ማይክሮፎኑ ለካ ገና እጃቸው ላይ ነው። ድምፃቸው ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ ተሰማ። በሩ ጋ የደረሰችው ፕሬዚዳንት ለአፍታ ቆመች፤ ሳትዞር ዓይኗን በመዳፏ ጠረገችና እርምጃዋን ፈጠን አድርጋ ወጣች።