ስም ይጻፍ ያለችው ገምጋሚ

አገርነሽ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ይህ አስቀድሞ ይታወቅላት። አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ነበረች። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የቋንቋ ጥናት ተምራ፣ እዚያው ያስቀሩኛል ብላ ስትጠብቅ ወደ ትውልድ አገሯ መደቧት። እሺ ብላ መጣች፤ በዚያ ዘመን እምቢ ማለት የት አለና! ጋሞኛን በወረቀት ላይ እንደ እሷ አድርጎ የሚያሰፍር፣ የድምፁን መውጣትና መውረድ አንድም ሳያመልጠው ምልክት የሚያደርግ ሰው በፍለጋም አይገኝም ነበር። ይህን ግን ከራሷ በቀር ማንም አያውቅላትም። የሚያንገበግባትም እሱው ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ከአዲስ አበባ አንድ ጥናት ተላከላት። የላኩት የአንድ የቋንቋ ጥናት መጽሔት አዘጋጆች ናቸው። መጽሔቱ ማንኛውንም ጽሑፍ ከማተሙ በፊት ሙያውን ለሚያውቅ ሰው ልኮ ያስገመግማል። ደንቡ ጥብቅ ነው፤ የጸሐፊው ስም ለገምጋሚው አይነገርም፣ የገምጋሚውም ስም ለጸሐፊው አይነገርም። እኔንም ያወቀኝ ሰው ተገኘ ብላ ደስታዋን አልቻለችውም። መምህራን ማረፊያ ክፍል ቁጭ ብላ ገለጥ ብታደርገው፣ ገና ከመጀመሪያው ገጽ የማን እንደሆነ ገባት።

ደግፌ ነው! ሌላ ማን ሊሆን?

ደግፌ የክፍል ጓደኛዋ ነበር፤ እሱን ዩኒቨርሲቲው አስቀርቶታል። ባለፈው ዓመት ቴፑን አንጠልጥሎ አርባ ምንጭ ድረስ መጥቶ፣ «አገርዬ፣ ሽማግሌዎች ሲናገሩ መቅዳት አለብኝ፤ ያላንቺ ማን አለኝ?» ብሎ ተለማመጣት። እሷም ይዛው ወደ ኦቾሎ ወጣች። ኦቾሎ ከዓባያ ሐይቅ በላይ ጉብ ያለች፣ እሷ ተወልዳ ያደገችባት መንደር ናት። ያን ጊዜ ዝናብ ቀርቶ ሰው ተጨንቋል። ሽማግሌዎቹም እንደ ወጉ ሕዝቡን ዱቡሻ ላይ፣ በመሰብሰቢያው ሜዳ፣ ሰብስበው «ማነው ጎሜ ያለበት?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ጎሜ ማለት ሰው ሠርቶት የደበቀው፣ ምድሪቱን የሚያስቀይም ጥፋት ነው። ያለበት ሰው ተነሥቶ ይናገራል፤ ከተናገረ እርጥብ ሣር ተይዞ ይቅር ይባላል። ይቅር ከተባለ በኋላ ነገሩን ዳግም የሚያነሣው የለም። በጠብ መካከል እንኳ፣ በስካር እንኳ አይነሣም።

አገርነሽ የመንደሩን መሪ ሀላቃ ዳልጮን፣ «ለትምህርት ነው፤ ምንም ክፉ አይመጣም» ብላ ለምና ቴፑ እንዲከፈት አስፈቀደች።

ያን ቀን ኦይታ ተነሣ። ኦይታ ሸማኔ ነው፤ የሟች አባቷ ጎረቤትና ጓደኛ። «እጄን አንሥቼ በሐሰት ማልሁ» አለ። ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ሲለቀም፣ አንድ ልጁን ካሱን አዋሽ ጥጥ ለቀማ ሄዶ እዚያው ቀረ ብሎ ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ምሎለት ነበር። ካሱ ግን ከእንሰቱ ጀርባ ባለችው ጎጆ ተቀምጦ ሸማ ይሠራል። ጉዱ ደግሞ፣ ሊቀመንበሩ ራሱ እዚያው ዱቡሻ ላይ ተቀምጦ ይሰማል! ሰማ፤ ሣሩን ይዞ ከሁሉም ጋር ይቅር አለ። ከዚያ ወዲያ ካሱን ፈልጎ አያውቅም። ሊቀመንበር ይሁን እንጂ የኦቾሎ ልጅ ነው።

ቴፑን የገለበጠችው አገርነሽ ናት። እየመለሰች፣ እያስደገመች፣ እያንዳንዷን ቃል አዳምጣ ጻፈችው፤ ከነአማርኛ ትርጉሙ። ደግፌ ሐይቅ ዳር ዓሣውን ሲበላ ከረመና፣ ያለቀለትን ወረቀት ሸክፎ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሄደ።

አሁን እጇ ላይ ያለው ጥናት፣ «ቃሉን ከቴፕ የገለበጠው አጥኚው ራሱ ነው» ይላል። የኦይታን ንግግር ከነትርጉሙ እንዳለ አስፍሮ፣ ባለቤቱን ግን «አንድ ሽማግሌ» ብሎ አልፎታል።

«ኧረ ይሄ ሌባ!» አለች፤ ድምፅ አውጥታ። መምህራኑ ዞረው አዩዋት።

እዚህ ላይ ማድረግ የነበረባት አንድ ነገር ነበር። ጥናቱን ለአዘጋጆቹ መልሳ፣ «ጸሐፊውን አውቀዋለሁ፤ ሥራውም የኔ አለበት፤ ልገመግም አይገባኝም» ማለት። ሥርዓቱ ይህ መሆኑን አሳምራ ታውቃለች። ግን ንዴት ይዟታል፣ ብዕሩም እጇ ላይ ነው። የራሷን ስም ብቻ ብትጠይቅ ማንነቷ ይታወቃል። ስለዚህ ኦይታን ከፊት አቆመችው። «ጥናቱ ጥሩ ነው» ብላ ጻፈች። «ነገር ግን ቃላቸውን የሰጡት ሽማግሌና ቃሉን የገለበጠው ሰው ስማቸው ከነመንደራቸው ካልተጻፈ መታተም የለበትም። የሰውን ቃል ያለ ስሙ መውሰድ ስርቆት ነው።» እንዴት ያለ ያማረ አነጋገር ነው! ስትጨርስ ራሷን አደነቀች።

ካሱስ? ካሱ ትዝ አላላትም ወይ? ሌላ ቦታ ያደገ ሰው ይህን አያምናትም፤ እውነቱ ግን አላላትም። ኦቾሎ ለተወለደ ሰው፣ ዱቡሻ ላይ ይቅር የተባለ ነገር እንዳልነበረ ነው፤ ታጥቦ አልቋል። የኦይታን ንግግር ሥራዬ ብላ ብትደጋግመውም፣ የሚታያት የድምፁ መውጣትና መውረድ ነበር እንጂ እንሰቱ ጀርባ ያለው ልጅ አልነበረም።

መጽሔቱ ታትሞ ሲወጣ ደግፌ ራሱ ይዞላት መጣ። ሐይቁን ቁልቁል ከሚያሳየው ሆቴል በረንዳ ላይ ተቀመጡ።

«እንኳን ደስ ያለሽ፤ ስምሽ ወጥቷል» አላትና ገጹን ገልጦ ሰጣት።

አዎ፤ ስሟ አለ፤ አገርነሽ፣ ከነአባቷ። ከላይ ደግሞ «አቶ ኦይታ፣ የኦቾሎ ነዋሪ» ይላል። ጣቷን አሳረፈችበት፤ ልቧ ሞቀ።

«ይቅርታ አገርዬ» አለ ደግፌ። «በመጀመሪያ ስምሽን አላስገባሁትም ነበር። ስስት ነው፤ ሌላ ምን እልሻለሁ። አንድ ገምጋሚ ነው ያፋጠጠኝ።»

«ደግ ሰው ነዋ!» አለች፤ ሳቋ እየመጣ።

«ምን ደግ ነው፣ ደንቆሮ ነው እንጂ! የሽማግሌውን ስም የተውኩት አውቄ ነበር። ምክንያቱን ለአዘጋጆቹ እንዳልነግራቸው፣ መንገሩ ራሱ ማሳበቅ ነው። ስሙን ካልጻፍክ አይታተምም አሉኝ። የደረጃ ዕድገቴ በዚህ ጥናት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ጻፍኩት።»

«አውቄ ስትል?»

«ስለ ልጁ ነዋ፣ አገርነሽ! ስለ ካሱ!»

ትክ ብላ አየችው። «እሱ እኮ ያለቀ ነገር ነው። ዱቡሻ ላይ ይቅር ተብሏል።»

«ዱቡሻ ላይ ያለቀ ነገር መንግሥት ቢሮም አልቋል ማለት ነው?»

ያን ጊዜ ነው የገባት። ገምጋሚው እኔ ነኝ ልትለው ነበር፤ መጽሔቱን አጠፈችና ተወችው።

«ደግሞስ ማን ያነበዋል?» አለች በመጨረሻ።

«እሱስ እውነትሽን ነው። የወለደችኝ እናቴም አታነበው» አለ ደግፌ። ሁለቱም ለመሳቅ ሞከሩ።

ኦይታን ለማስጠንቀቅ በዚያው ቀን ወደ ኦቾሎ መውጣት ነበረባት። አልወጣችም። ዓርብ ትምህርት አለ፤ ቅዳሜ የሴቶች ማኅበር ስብሰባ፤ የቀረ ሰው ይጠየቃል። እሁድ፣ ቤተ ክርስቲያናቸው ታሽጎ ስለነበር ሰው ቤት ተሰብስበው ይጸልያሉና ከዚያም መቅረት አልሆነላትም። ሁሉም ሰበብ ነው። ነገሩ፣ ኦይታ ፊት ቆማ ምን ትበል? ስሜን ስፈልግ ስምህን አሳልፌ ሰጠሁ ትበለው? ማን ያነበዋል፣ ማን ያነበዋል እያለች ቀኑን ገፋችው።

አንድ ሰው አነበበው። አውራጃው ጽሕፈት ቤት አዲስ የመጣ ካድሬ ነበር፤ ቀድሞ መምህር የነበረ፣ የተላከለትን ወረቀት ሁሉ ከዳር እስከ ዳር የሚያነብ ሰው። ከጋሞኛው ሥር አማርኛው ተጽፎለታል፤ ያውም ጥርት ያለ፣ የአገርነሽ አማርኛ። ስም አለ፣ መንደር አለ። ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

በመጨረሻ አገርነሽ ከዳገቱ ሥር እስካለችው ላንቴ ድረስ በጭነት መኪና ሄዳ፣ በእግሯ ዳገቱን ስትጀምር፣ ከላይ ለገበያ የሚወርዱ ሴቶች አገኟትና ነገሯት። ካሱን ከሸማው ላይ አንሥተው ወስደውታል። ሊቀመንበሩንም «እያወቅህ ዝም ብለሃል» ብለው አስረውታል። ኦይታን በጥፊ መትተው፣ ሽማግሌ ምን ያደርግልናል ብለው ትተውታል። እዚያው ዳገቱ ላይ ቁጭ አለች።

በኋላ ግን ወጣች፤ ይህም ይታወቅላት። ሀላቃ ዳልጮ ዘንድ ሄዳ፣ «ጎሜ አለብኝ» አለች። ዱቡሻው ተሰበሰበ። ቆማ ሁሉንም ተናገረች፤ ለደግፌ ያልነገረችውን ጭምር። ስሜ እንዲጻፍ ብዬ ነው አለች። ይቅርታውን መጀመሪያ መናገር ያለበት የተበደለው ነውና ሁሉም ወደ ኦይታ ዞረ። ኦይታ ሣሩን ይዞ ይቅር አለ። ቀጥሎ ተራው የሚስቱ የጌጤ ነው። ጌጤ ቆየች። ሰዉ ሁሉ እሷን እሷን ሲያይ ቆየች። ኋላ እሷም አለች፤ ይቅር።

ምነው በሰደበችኝ፣ ምነው ፊቴን በቧጨረችኝ አለች አገርነሽ በሆዷ። ከዚያ በኋላማ ማን ይወቅሳታል? ወጉ ዘጋው። ኦቾሎ በሄደች ቁጥር እንደ ድሮው ቆጮ እየቀረበላት፣ «ብዪ እንጂ፣ ምነው ከሳሽ?» እየተባለች ትስተናገዳለች። ይህ ደግሞ ከወቀሳው የባሰ ሆነባት። ለመጽሔቱ የማረሚያ ቃል ለመጻፍም ሞከረች፤ ምን ብላ ታርመዋለች? የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው።

ካሱ ከማሠልጠኛ ወደ ሰሜን ተወሰደ ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። አስመራ ነው የሚል ነበር፤ ሞቷል የሚል ግን አልነበረም፤ በሕይወት አለ የሚልም አልነበረም።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በገበያ ቀን፣ አገርነሽ ለምሳ ስትወጣ ጌጤ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ኦይታ የሠራውን፣ ለገበያ ያመጣችውን ቡልኮ ታቅፋ ቆማ አገኘቻት። ደነገጠች። «እትዬ ጌጤ! ምነው፣ ደህና?»

«ደህና ነን ልጄ። ላስቸግርሽ ነው» አለች ጌጤ፤ በጋሞኛ። «የልጄ ስም ያለበት ወረቀት አንቺ ዘንድ አለ አሉ። አንብቢልኝ።»

አገርነሽ አላንገራገረችም። መጽሔቱን ከቤት አምጥታ፣ ከአጥሩ ሥር ጥላው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ማንበብ ጀመረች፤ ራሷ ያደረገቻቸውን ምልክቶች እየተከተለች፣ ኦይታ ከፍ ባደረገበት ከፍ፣ ዝቅ ባደረገበት ዝቅ እያደረገች። «አንድ ልጅ ነው ያለኝ። ካሱ ይባላል። ምድር ትታዘበኛለች ብዬ ፈራሁ፣ እሱን ማጣት ግን ከዚያ በለጠብኝ። ከድርና ማግ ጋር አንድ ጎጆ ውስጥ ዘጋሁበት፤ ሲስል እንኳ በጨርቅ አፍኖ ነው።»

ጌጤ ዓይኗን ጨፍና ትሰማ ነበር።

«ልክ እሱ ነው» አለች። «ስለ ካሱ ሲናገር እንዲህ ነው ድምፁ የሚሰበረው። ዛሬ እኮ ስሙን እንኳ አይጠራም፤ ቤታችን ውስጥ ማንም አይጠራም።» እጇን ዘርግታ ወረቀቱን ነካ አደረገችው። «ጎበዝ ነሽ ልጄ። አንዲት ሳታስቀሪ ነው የጻፍሽው።»

ይህን ቃል ከሰው አፍ ለመስማት አገርነሽ ስንት ዓመት ጠብቃ ነበር።

«እስቲ ድገሚልኝ» አለች ጌጤ። ደገመችላት።